ከፕሮግራሙ በፊት ማይክሮፎኑን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትህ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዕር መያዝ አቅቷቸዋል፤ የሕይወት ታሪካቸውን ግን ማስጻፍ ይፈልጋሉ። ኮምቦልቻ ቤታችሁ ውስጥ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት የቆየ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አለ። «ሲናገሩ በአማርኛ የሚጽፍ የትኛውን ፕሮግራም ላውርድ?» ብለሃል። እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች የፕሮግራም ስም ደርድረውልሃል። እኔ ግን ምንም የድምፅ መጻፊያ ፕሮግራም ሳታወርድ ነገ ጠዋት መጀመር እንደምትችል ልነግርህ ነው።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። እዚያው ቤቴ ውስጥ ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ፣ እተረጉማለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የቀኝ እጄ አንጓ አብጦ ሐኪሙ «ለሁለት ወር ኪቦርድ እንዳትነካ» ሲለኝ፣ ለሁለት ወር እንጀራ እንዳትበላ ያለኝ ያህል ነበር የተሰማኝ። ወደዚህ ነገር የገባሁት እንግዲህ ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ አንተ አሁን ልትሠራው የተነሳኸው ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጊዜ ጀምሮ ንግግር እየሰማ የሚጽፍ የራሱ መሣሪያ ነበረው። እሱን ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን ፈጀሁ፤ ዓረፍተ ነገር አስነበበኝ፣ የድምፄን መጠን ለካ። የሚያውቃቸው ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ጃፓንኛና ቻይንኛ ብቻ መሆናቸውን የተረዳሁት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ስለው ስለ አንድ ወፍ የሚያወራ የእንግሊዝኛ ሐረግ ጻፈልኝ። ማይክሮሶፍትም ይህን መሣሪያ ትቶ በዊንዶውስ 11 ላይ በሌላ ተክቶታል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤች ፊደል ጋር ስትጫን ብቅ የሚለው ማይክሮፎንም ለእኛ አይሆንም፤ አማርኛ አያውቅም። ቀጥሎ አንድ ሰው «ንጹህ የአማርኛ ድምፅ መጻፊያ» ብሎ በፍላሽ ሸጠልኝ። ቤቴ ወስጄ ስከፍተው ክሮም የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ ከፍቶ ወደ ጎግል የሚወስድ አቋራጭ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቤን አላስመለስኩም፤ ግን ሳያውቅ መንገዱን አሳይቶኛል።

አማርኛ የሚሰማው እዚያ ነውና። ጎግል በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሠላሳ ቋንቋዎችን በድምፅ መጻፊያው ላይ ሲጨምር አማርኛ አንዱ ነበር። ኮምፒውተር ላይ በክሮም ጎግል ዶክስን፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሠራውን የጎግል መጻፊያ ትከፍታለህ፤ ቱልስ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ቮይስ ታይፒንግ የሚለውን ትመርጣለህ፤ በግራ በኩል የማይክሮፎን ሥዕል ይመጣል፤ ከሥዕሉ በላይ ካለው የቋንቋ ዝርዝር አማርኛን ትመርጣለህ፤ ሥዕሉን ትጫናለህ፤ ክሮም ማይክሮፎኑን ልጠቀም ወይ ሲልህ ትፈቅዳለህ። በቃ ይኸው ነው። ኢንተርኔት ግን የግድ ነው፤ ድምፁ የሚተነተነው በአንተ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይሆን ወደ ድርጅቱ ማሽኖች ተልኮ ነው። ለዚህም ነው የደንበኛ ምስጢር ያለበትን ጉዳይ እስከ ዛሬ በግራ እጄም ቢሆን በጣቴ የምጽፈው። እናትህም ከቤት እንዲወጣ የማይፈልጉት ነገር ካለ አስቀድመህ ጠይቃቸው።

አሁን ወደ ማይክሮፎኑ። አንድ ሳምንት ሙሉ «ይህ ጎግል አማርኛ አይሰማም» እያልኩ ስራገም የከረምኩት ለካ ጆሮው ተደፍኖ ኖሯል። የስልኬን ማዳመጫ ከኮምፒውተሩ ጀርባ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ሰክቼው ነበር፤ ድምፅ ለእኔ ይሰማኛል፣ እኔ ግን ለእሱ አልሰማውም። የማዳመጫውን ጫፍ ልብ ብለህ እየው፦ የስልክ ከሆነ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፤ ማለትም የሚያዳምጡበትም የሚናገሩበትም ሽቦ በአንድ ጫፍ ላይ ተጠቃሏል። የቆየ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ደግሞ ሁለቱን ለይቶ ይፈልጋል፤ አረንጓዴው ለማዳመጫ፣ ሮዙ ለማይክሮፎን። የስልኩን ጫፍ ሮዙ ላይ ብትሰካውም አይሆንም። አንዱን ጫፍ ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ያስፈልጋል፤ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ ማዳመጫ ግዛና ተገላገል። ከሰካህ በኋላ በዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ ተናገር፤ መስመሩ ከድምፅህ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ተሰምተሃል። ካልተንቀሳቀሰ በግላዊነት ማስተካከያው ውስጥ ማይክሮፎን ተከልክሎ እንደሆነ ተመልከት። መስመሩ ሳይንቀሳቀስ ጎግልን አትውቀስ።

ማይክሮፎኑን ከአፍ ፊት ለፊት አታድርገው፤ ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርገው። እንደ ፐ ያሉ ድምፆች ከአፍ ሲወጡ አየር ይረጫሉ፤ ማይክሮፎኑ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ያንን እንደ ፍንዳታ ነው የሚቀበለው። እኛ ደሴ ዋናው ጠላታችን የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እንኳ አልሰማም፤ ስለዚህ በክረምት የምሠራው ጠዋት ብቻ ነው። እናንተ ሐረጎን ወርዳችሁ ከእኛ ሞቅ ያለ ቦታ ስለሆናችሁ ቬንቲሌተር ታበሩ ይሆናል። ሲናገሩ አጥፉት።

ኮምፒውተሩ አስቸጋሪ ከሆነብህ ደግሞ የእኔ የዘወትር ዘዴ ይኸውልህ። ያንኑ የጎግል ዶክስ ጽሑፍ በስልክህም ክፈተው፤ ጂቦርድ በተባለው የጎግል የስልክ ኪቦርድ ላይ አማርኛን ጨምረህ የማይክሮፎኗን ምልክት ነካ። በስልኩ የተናገርከው ኮምፒውተሩ ላይ ወዲያው ይታያል። ስልኩ ለአፍ፣ ኮምፒውተሩ ለዓይን ይሆናል። መብራት ቢጠፋም ስልኩ ይቀጥላል፤ ጽሑፉም አይጠፋም።

ስለ ጽሑፉ ጥራት እውነቱን ልንገርህ። ከምናገረው አብዛኛውን በትክክል ይጽፋል፤ የሚስተው ግን ዋናውን ነገር ነው። አማርኛ ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ሁሉ በአንድ ግስ ውስጥ ይቋጥራል። አንድ ጊዜ «ተከሳሽ ገንዘቡን አልሰጠኝም» ብዬ «አልሰጠንም» ተብሎ ወጣ። ኝ እና ን ለማሽኑ ቅርብ ናቸው፤ ለችሎት ግን አንድ ከሳሽና ብዙ ከሳሽ ናቸው። ደንበኛው ራሱ አንብቦ ባይነግረኝ ኖሮ እንዲሁ ይገባ ነበር። ፊደልም አይለይም፤ ሐይቅ ከተማን አንዴ በሐመሩ ሐ፣ አንዴ በሃሌታው ሀ ይጽፋታል። ኩታበር «ኩታ በር» ሆና ወጥታለች። ዓመተ ምሕረት ላይ በተለይ ተጠንቀቅ። እናትህ «በሰባ ሰባት» ሲሉ የረሃቡ ዘመን መሆኑን ለወሎ ሰው ማብራራት አያስፈልግም፤ ማሽኑ ግን «77» ብሎ ያልፋል፤ ከሰባ ሰባት ሰውና ከሰባ ሰባት ኩንታል አይለየውም። 1977 ብለህ ራስህ አስተካክል።

አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አያስቀምጥም። በእንግሊዝኛ ቃሉን ስትናገር ምልክቱን ያደርግልሃል፤ በአማርኛ «አራት ነጥብ» ስትለው ቃሉን ራሱን ይጽፈዋል። እኔ ይህንኑ ተጠቅሜበታለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ባለቀ ቁጥር «አራት ነጥብ» እላለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ በኮንትሮልና ኤች የፍለጋና መተኪያ ሳጥኑን ከፍቼ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በ። እተካለሁ። አንዳንዴ «4 ነጥብ» ብሎ ስለሚጽፍ እሱንም ለብቻው ተካው። እናትህ መምህርት ናቸውና «ልጁ በፈተናው አራት ነጥብ አገኘ» ያሉበት ቦታ ካለ ግን ልጁ ። አግኝቶ ይቀራል፤ ከመተካትህ በፊት አንዴ እየው።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካልሆነ የምትል ከሆነ፣ ኦፕንኤአይ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነጻ የለቀቀው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ዊስፐር የሚባል ፕሮግራም አለ። ትልቁ ሞዴል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተሬ ላይ አንድ የተቀዳ ንግግር ሰጥቼው አደረ። እንግሊዝኛው አስገረመኝ። አማርኛው ላይ ግን ማንም ያልተናገረው ቃል ይፈጥራል፣ ዝምታ ሲያገኝ አንዱን ሐረግ እንደ ሰበዝ ይደጋግማል። አሮጌ ኮምፒውተር ይዘህ አትድከምበት።

አሁን የጥያቄህ ልብ ላይ ደረስኩ። እናትህን ማይክሮፎን ፊት አታስቀምጣቸው። የዕድሜ ባለጸጋ ሲያወጋ ያቆማል፣ ይተክዛል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማሽኑ ደግሞ ዝም ሲሉት ይዘጋል። እኔ አክስቴን ሞክሬያቸዋለሁ። በየመሐሉ «ጻፈው? ምን አለ?» እያሉ ወጉን ረሱት። በዚያ ላይ አክስቴ እንደ ወሎ ሰው «አብሽር» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር አይዘጉም፤ ማሽኑ «አበሻ» እያለ ጻፈው። ገጹ ሁሉ አበሻ በአበሻ ሆነ። ሲያዩት ተቆጡ፤ ቀጥሎም ሳቁ፤ ሥራው ግን በዚያው ቆመ።

ያኔ ነው ዘዴውን የለወጥኩት። አክስቴ ቡናቸውን እየጠጡ እንደ ልባቸው እንዲያወሩ ተውኳቸውና በስልክ ድምፃቸውን ቀዳሁ። ማታ ብቻዬን በማዳመጫ አንድ ዓረፍተ ነገር እሰማለሁ፤ አቆማለሁ፤ ያንኑ በራሴ አፍ፣ ጥርት አድርጌ፣ አራት ነጥቡን ጨምሬ ለማሽኑ እደግምለታለሁ። ማሽኑ የሚሰማው ሁልጊዜ አንድ አፍ፣ አንድ ርቀት፣ አንድ ፍጥነት ሆነ። ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስልህ፤ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለቀጥታ ስርጭት ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎችም ተናጋሪውን በማዳመጫ እየሰሙ ለኮምፒውተር መልሰው ይናገሩለታል። «አብሽር» በእኔም አፍ አበሻ ሆኖ ነው የቀረው፤ እሱን በኮንትሮልና ኤች ገላገልኩት።

የተቀዳውን በድምፅ ማጉያ ከፍቼ ማይክሮፎኑ ራሱ ይስማው እንዳትል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ድምፁ ከክፍሉ ጋር ተደባልቆ ይበላሻል። በአንድ ስልክም መቅዳትና ማስጻፍ አንድ ላይ አልሆነልኝም፤ አንዱ ሌላውን ዝም ያሰኘዋል። ቅጂውን ደግሞ ጽሑፉ ካለቀ በኋላም እንዳታጠፋው። አክስቴ ባለፈው ዓመት አርፈዋል፤ «አልሰጠኝም» ነው ወይስ «አልሰጠንም» ያሉት ብዬ የምጠይቀው አሁን ያንን ቅጂ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ከጎግል የምታገኘው ጽሑፍ ዩኒኮድ ነው፤ ማለትም የዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚያውቁት የፊደል አሠራር ነው። ማተሚያ ቤቱ በድሮ የግዕዝ ፎንት ከፍቶ «ሳጥን በሳጥን ሆነብኝ» ካለህ ጽሑፉ አልተበላሸም፤ በኒያላ ፎንት እንዲከፍተው ንገረው።

ለአሁኑ ግን የኮምፒውተርህን ጀርባ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ፤ ስንት ቀዳዳ እንዳለውና ቀለማቸው እንዲታይ አድርገህ። አንዱን ጫፍ ለሁለት የምትከፍለዋ ገመድ ትርፍ አለችኝ። ሐሙስ ለጉዳይ ኮምቦልቻ ስለምወርድ ይዤልህ እመጣለሁ።