የአየር ኃይሉ ወረቀት ለሲቪል በረራ ይሠራል ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ አየር ኃይል ውስጥ ሄሊኮፕተር ሲያበር ኖሮ አሁን ሊሰናበት ነው። ዕድሜው 43 ነው። ወደ ሲቪል በረራ መግባት ይፈልጋል። የበረራ ጤና ምርመራውን ካለፈ ገና አራት ወሩ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስታችን ልጅ «የወታደር ምርመራ ካለህ ሌላ ሜዲካል (የሲቪል አብራሪ የጤና ማረጋገጫ) አያስፈልግህም» አለው። እውነት ነው? ደግሞ ጆሮው ከበድ ያለ ይመስለኛል፤ ቴሌቪዥን የሚያየው ድምፁን ለቅቆ ነው። እህቱ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ የአክስታችሁ ልጅ አልዋሸም። የነገራችሁ ግን የአሜሪካን ነው፤ እሱንም ግማሹን። እዚያ የአገሪቱ ጦር አብራሪ ለመብረር ብቁ ነው የሚል ጊዜው ያላለፈ የሠራዊት ምርመራ ካለው፣ ከሦስተኛ ክፍል (ከዝቅተኛው ደረጃ) በላይ ሜዲካል የማይጠይቅ በረራ መብረር ይችላል። ለምሳሌ ለራሱ ደስታ የሚወጣው የግል በረራ። ያውም በአሜሪካ ሰማይ ብቻ። እንጀራዬ ብሎ ሰው ጭኖ ሊበር ካሰበ እዚያም ሲቪል መርማሪ ፊት መቅረቡ አይቀርም። ለእኛ አየር ኃይል ልጅ ደግሞ ያቺ ደንብ አልተጻፈችለትም።

እኛ ጋ የሲቪል አብራሪ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የሚቀበለውም እሱ የመደባቸው ሐኪሞች የመረመሩትን ነው። የጦር አውሮፕላን ድሮም እ.ኤ.አ. በ1944 ከተፈረመው የቺካጎ ስምምነት (የሲቪል በረራ ዓለም አቀፍ ውል) ውጭ ነው፤ የመንግሥት አውሮፕላን ተብሎ ተለይቷል። ስለዚህ ወንድምሽ ከቢሾፍቱ የያዘው ወረቀት ሜዲካል አይሆንለትም። ስላረጀ አይደለም፤ በአራት ወር ምኑ ያረጃል!

ምርመራዎቹ የሚፈልጉትም ይለያያል። ሠራዊቱ «ግዳጁን ይወጣል ወይ?» ይላል። የጄት አብራሪ ከሆነ ተቀምጦ ቁመቱን ሳይቀር ይለኩታል፤ በአደጋ ጊዜ መቀመጫው ከነሰውየው ወደ ውጭ ሲተኮስ እንዳይጎዳ። የሲቪሉ ሐኪም ጭንቀት ደግሞ ይህ ሰው ሜዲካሉ ሳያልቅ በድንገት መሪው ላይ ይወድቅ ይሆን የሚል ነው። ስለዚህ ልብ ላይ ይበረታል። በዓለም አቀፉ መለኪያ አንደኛ ክፍል (ለእንጀራ የሚበር የሚጠየቀው) ሜዲካል ያለው ከ30 እስከ 50 ዓመት የሆነ አብራሪ በየሁለት ዓመቱ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሣል። ሜዲካሉ ለ12 ወር ይሠራል። ወንድምሽ 40 ስላለፈው፣ ብቻውን እያበረረ መንገደኛ የሚያመላልስ ከሆነ ግን 6 ወር ብቻ ነው።

ወረቀቱ አይሠራም ስልሽ ፋይሉን ይጣለው ማለቴ አይደለም። ኧረ በጭራሽ! ጡረታ ወጥቼ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ዓምድ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት አብራሪዎችን ስመረምር ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ አንድ የቀድሞ ወታደር መጣ። ኢሲጂው ላይ በቀኝ በኩል የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር መዘጋቱ ታየ። አዲስ ነገር ከሆነ ያሳስባል። ሰውየው ምንም ሳይል ከፌስታሉ ውስጥ ከ11 ዓመት በፊት የተነሣውን ኢሲጂ መዝዞ አወጣ፤ ቡና ፈሶበታል። ያው መስመር፣ ያው ቅርጽ። እፎይ አልን። ጥቂት ተጨማሪ ምርመራ አድርጎ ሥራው ገባ። ያቺ ቡና የፈሰሰባት ወረቀት ባትኖር ስንት ወር እንደሚንከራተት እኔ ነኝ የማውቀው። ወንድምሽ ሳይሰናበት የሕክምና ፋይሉን ኮፒ ይጠይቅ። ከወጡ በኋላ ፋይል ማስፈለግ ሌላ ሥራ ነው።

መደበቅም አያዋጣም። ከዚህ በፊት የትና መቼ እንደተመረመረ፣ ውጤቱ ምን እንደነበር፣ ተከልክሎ ወይም ታግዶ ያውቅ እንደሆነ ፈርሞ ነው የሚገልጸው። ሐሰት ከተገኘ ለባለሥልጣኑ ይነገራል። የእኛ ሰው ደግሞ ሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ አልጋ ላይ ተዘርግቶም ቢሆን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ይወዳል።

ወደ ጆሮው ልምጣ። ጩኸት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው በ4000 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ ያለውን መስማት ነው። ለአንደኛ ክፍል የሚለካው ግን 500፣ 1000፣ 2000 እና 3000 ሄርዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ከ35 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ)፣ በ3000 ከ50 ዴሲቤል በላይ ካልጎደለበት ያልፋል። ስለዚህ ሳይለካ ተስፋ አይቁረጥ። ብቻ ከሄሊኮፕተር እንደወረደ ቀጥ ብሎ አይሂድ፤ ጆሮ ከጩኸት በኋላ ለጊዜው ይደነዝዛል። ከዋዜማው ጀምሮ ጸጥ ያለ ቦታ ይሁን። ቀጠሮው ለጥምቀት ማግስት ከሆነ ደግሞ ፋሲለደስ መዋኛ ወርዶ ድምፅ ማጉያው ሥር ቆሞ እንዳይውል አደራ።