ልጆቹ መንጋ ላይ ሲውሉ ትምህርቱ መቼ ይሁን?

ጥያቄ፦ ተራራ ላይ በተበታተኑ ሦስት መንደሮቻችን ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 34 ልጆች ትምህርት ቤት አይሄዱም። ቅርብ የሚባለው ትምህርት ቤት በካርታ ሲታይ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወላጆች ግን «ሩቅ ነው» ይላሉ። ልጆቹም መንጋ ይጠብቃሉ። በመንደር ውስጥ በቀን 2 ሰዓት ብናስተምር ይበቃል?

መልስ፦ ወላጆቹ ልክ ናቸው። ተራራ ላይ ርቀት የሚለካው በሰዓት ነው። የተራራ ተጓዦች አንድ የቆየ ስሌት አላቸው፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ 1 ሰዓት። መንገዱ 300 ሜትር አቀበት ካለው ያ 3 ኪሎ ሜትር ለጠንካራ አዋቂ እንኳ 1 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ የማስተማሪያ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ከሁሉ ትንሹን ልጅ አስቀድማችሁ፣ በእሱ እርምጃ ተጓዙ። ከ30 ደቂቃ ካለፈ ወይም በዝናብ ወራት የሚሞላ ጅረት ከተሻገራችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

2 ሰዓት ግን አይበቃም። በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 40 ሳምንት የሚያስተምር ትምህርት ቤት 800 ሰዓት ይሰጣል። በ2 ሰዓት 400 ላይ ትቀራላችሁ፤ አንድ ክፍል ሁለት ዓመት ሊወስድ ነው። በ13 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ያን ያህል አይታገሥም። በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በዓመት 44 ሳምንት ብታደርጉት 792 ሰዓት ይሞላል። የሚተርፉትን 8 ሳምንታት አጨዳ ለሚደርስበትና መንገድ ለሚዘጋበት ጊዜ አከፋፍሏቸው። «ተለዋዋጭ» ሲባል «ያነሰ» ማለት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ተመላልሰው ማንበብ ሳይችሉ የሚቀሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቦታውና ጊዜው ይለዋወጥ፤ የሰዓቱ ድምር አይነካ።

ለመንጋው የሚበጀው ፈረቃ ነው። ከአንድ ቤት የመጡ ልጆችን አንዱን ለጠዋት፣ ሌላውን ለከሰዓት መድቡ። 17 በ17 ይሆናሉ፣ መንጋውም ጠባቂ አያጣም። ሁለቱን ፈረቃ ግን ለአንድ አስተማሪ አትስጡ፤ በሳምንት 36 ሰዓት ቆሞ ማስተማር ማንንም ያደክማል። መምህሩ ሲታመም የሚተካ ስለማይኖርም ማዕከሉ ይዘጋል።

የዓመቱን ሰሌዳ ስታወጡ «መቼ ይመቻችኋል?» ብላችሁ አትለፉት። 12ቱን ወራት ዘርዝራችሁ፣ በየወሩ የትኛው ልጅ ምን እንደሚሠራ መዝግቡ። ሴቶቹን ልጆች ለብቻ ጠይቁ። ውኃ መቅዳትና ታናሽ ማዘል አባቶች ከሚቆጥሩት ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ከትምህርት የሚያስቀራቸው ግን እሱው ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል ውስጥ 26 ተማሪዎች አሉኝ። ፊደል ያልቆጠረም፣ 3ኛ ክፍል ደርሶ ያቋረጠም አለ። በዕድሜ ልከፋፍላቸው?

መልስ፦ በችሎታ ይከፋፍሏቸው። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርተው በመጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ ቃል፣ ከዚያ አጭር አንቀጽ፣ በመጨረሻም ታሪክ ያስነብቡት፤ የተሰናከለበት ላይ ያቁሙ። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት የሚጠቀምበት መለኪያም እነዚህኑ አራት ደረጃዎች የያዘ ነው፤ ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ሦስት ቡድን ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ እርስዎ አይደርሱበትም። በየ20 ደቂቃው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወሩ፤ የቀሩት ሁለቱ የተሰጣቸውን ሥራ ይሥሩ።

አስተማሪ ሳይታወቀው ወደሚያነቡት ልጆች ያዘነብላል፤ ደስ ይላሉና። ፊደል ያልለዩት ደግሞ ከሰሌዳ እየገለበጡ ይውላሉ። ስለዚህ ዘወትር ከዝቅተኛው ቡድን ይጀምሩ። በየ6 ሳምንቱ እንደገና ፈትነው ያሸጋግሯቸው። የሒሳቡ ቡድን ግን ከንባቡ ይለይ፦ ፊደል የማይለየው የ13 ዓመት እረኛ በቁጥር ሁሉንም ሊበልጥ ይችላል፤ ከትንንሾች ጋር በመቀመጡ የሚሰማውን እፍረትም ይህ ያቀልለታል።

ኮሎምቢያ ውስጥ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋው የ«ኤስኩዌላ ኑዌቫ» አሠራርም ይጠቅምዎታል። ልጁ በራሱ የሚሠራበት መልመጃ መጽሐፍ አለው፤ ሥራ በዝቶበት ቢቀር ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ክፍሉን አይደግምም።

ጥያቄ፦ በጎ አድራጊ 10 ታብሌት ሊሰጠን ነው። መብራት የለንም። እንቀበል?

መልስ፦ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ መጽሐፍ መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ ኃይሉን አስሉ። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ታብሌት 18.5 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ለአሥሩ 185፣ የሚባክነውን ጨምሮ 250 አካባቢ። ሸለቆ ውስጥ ጠንካራ ፀሐይ የምታገኙት ለ3 ሰዓት ብቻ ከሆነ የ100 ዋት ፓኔል ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሳለ የሊቲየም ባትሪ አትሙሉ፤ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ሲበቁ መደበኛው ትምህርት ቤት አልቀበልም እንዳይል ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሳትጀምሩ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሂዱ። ልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ይስፈሩ፤ የልደት ማስረጃ የሌላቸው ካሉ ያኔውኑ ማውጣት ጀምሩ። መጽሐፉ የዚያው ትምህርት ቤት ይሁን፤ ፈተናውንም እነሱ ያዘጋጁት፣ ወረቀቱንም እነሱ ያርሙት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሁለትና በሦስት ሆነው፣ ከታላላቆቹ ጋር እንዲጓዙ አድርጉ።