ከአንድ ትሪ እየበላን «አምስት ጊዜ» እንዴት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 4። በቅርቡ ለምርመራ ሄጄ «በቀን አምስት ጊዜ አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ» ተባልኩ። ቤት ስገባ ግን ግራ ገባኝ። እኛ አራታችንም የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ማን ስንት እንደበላ በምን ይታወቃል? ባለቤቴ ደግሞ «ሽሮው ውስጥ ሽንኩርት አለ፣ ድንች ወጥም እንበላለን፣ ምን ጎደለን?» ይላል። እውነቱን ነው? ጁስስ ይቆጠራል?
የጎተራዋ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የትሪውን ነገር ስላነሱ በጣም አመሰግናለሁ። ምክሩ ሲነገር ሁሉም ሰው የራሱ ሳህን ያለው ይመስላል። የኛ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ «አምስት ጊዜ» ማለት አምስት ጊዜ ገበታ መቅረብ አይደለም። አምስት ድርሻ ማለት ነው። አንዱ ድርሻ 80 ግራም ገደማ ነው፤ ሲደመር 400 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜው 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በቀን ቢያንስ ይህን ያህል እንዲበላ ይመክራል። ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቢያንስ 350 ግራም፣ ከ2 እስከ 5 ላሉት ደግሞ 250 ግራም ነው።

80 ግራም በዓይን ሲታይ ምን ያህል ነው? መካከለኛ የአርባ ምንጭ ሙዝ አንድ ድርሻ ይሆናል። አንድ ብርቱካንም እንደዚሁ። መካከለኛ ቲማቲም፣ መካከለኛ ካሮት፣ ግማሽ አቮካዶ፣ ሁሉም አንድ አንድ ናቸው። ጎመን ግን ያታልላል። ባለፈው ቅዳሜ ከጉልት አንድ ትልቅ እስር ገዝቼ፣ ከትፌ ስጥደው ክዳኑ አልገጥም አለ። ሲበስል ወርዶ ወርዶ የድስቱ ወገብ ጋ እንኳ አልደረሰም። ከበሰለው ጎመን አራት የሾርባ ማንኪያ ክምር ክምር አድርገው ቢቀዱ ነው አንድ ድርሻ የሚሆነው። እኛ ደግሞ በማንኪያ አንበላም። ስለዚህ አንድ ጉርሻ ጠቀለልኩና እንጀራውን ፈትቼ ጎመኑን ብቻ ሚዛን ላይ አኖርኩት። 15 ግራም ሆነ። አምስት ስድስት ጉርሻ ጎመን ማለት እንግዲህ አንድ ድርሻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም በጉርሻ ነው የምቆጥረው።

የባለቤትዎን ነገር በአጭሩ ልመልስ። ድንች አይቆጠርም። ስኳር ድንችም እንዲሁ። ጉልበት ይሰጣሉ፣ ጥሩ ምግብ ናቸው፣ ግን የእንጀራው ወገን ናቸው። ሽሮና ምስርም ጥራጥሬ ስለሆኑ ለብቻቸው ይታያሉ። ሽንኩርት ላይ ግን እውነት አላቸው፤ እሱ አትክልት ነው። ጥያቄው መጠኑ ነው። ሽሮው ውስጥ ሁለት መካከለኛ ሽንኩርት ከገባ፣ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ የግማሽ ሽንኩርት ያህል ይደርሰዋል። ከግማሽ ድርሻ እምብዛም አይዘልም። አራት ተኩል ገና ይቀራል።

ወደ ትሪው ልመለስ። ከትሪ ላይ መቁጠር ስለሚያስቸግር ከዘንቢሉ ይቁጠሩ። የእርስዎ 400፣ የባለቤትዎ 400፣ የትልቁ 350፣ የትንሿ 250። ለቀን 1400 ግራም፣ ለሳምንት ወደ 10 ኪሎ። ይህ ልጣጩና ግንዱ ወጥቶ ነው። አስር ኪሎ ሲባል እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ፤ ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል። ግን ሁሉም ፍራፍሬ መሆን የለበትም። ጥቅል ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ቀይ ስር ክብደት አላቸው፣ ከፍራፍሬም ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ። ፍራፍሬው በቀን አንድ ብቻ ቢሆን፣ ቀሪውን በአትክልት ይሙሉት። ጎመኑን ሲቀቅሉ ደግሞ ውሃውን አይድፉት። እናቴ ትደፋው ነበር፤ ቫይታሚን ሲው አብሮ ይፈስ እንደነበር ያወቅኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ትንሽ ውሃ ጨምረው እዚያው ያድርቁት።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርዎ። በቂ አትክልት ትሪው ላይ ቀረበ ማለት ሁሉም በቂ በላ ማለት አይደለም። ትሪ ላይ ፈጥኖ የሚበላ ብዙ ያገኛል። የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትበላው፣ እጇም ከፊቷ አያልፍም። ስለዚህ ጎመኑንና ካሮቱን መሀል ላይ ብቻ አያድርጉት፤ ከፊቷም ያውጡላት። ወጡ እስኪሞቅ ስትጠብቅ የተላጠ ካሮት በቀጭኑ ተሰንጥቆ ቢሰጣት፣ ገበታ ሳይቀርብ ከቀኑ ድርሻዋ የተወሰነውን ትጨርሳለች።

ጁስን በተመለከተ፣ ብርጭቆው ትልቅ ቢሆንም በቀን ከአንድ ድርሻ በላይ አድርገው አይቁጠሩት። ጁስ ቤት ስፕሪስ ሲያዙ «ያለ ስኳር» ይበሉ። ልጆቹ ፓፓያውን በቁራጩ ቢበሉት ግን እመርጣለሁ።

ደብዳቤዎ ላይ አንድ ነገር አጣሁ። ስለ ባለቤትዎና ስለ ልጆቹ ጽፈዋል፣ ምክሩ የተነገረው ግን ለእርስዎ ነው። ብዙ እናቶች ሁሉም ከበላ በኋላ ትሪው ላይ የቀረውን ሲጠርጉ አያለሁ፤ ያን ጊዜ ጎመኑ አልቋል፣ የቀረው ወጥ የነካው እንጀራ ነው። 400 ግራሙ ለእርስዎም ነው። ነገ ሙዝ ሲገዙ አንዱን ለብቻው ያስቀምጡ። ልጆቹ ቢጠይቁዎትም «ይሄ የእማዬ ነው» ይበሏቸው።