ለመድኃኒት ምርምር የምትንከባከቢው፣ መስኩላር ዲስትሮፊ (ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዳክም የዘር በሽታ) ያለበት ቡችላ ሲበላ ያስለዋል ላልሽው

ሳህኑን ከመሬት አንስተሽ በደረቱ ቁመት ልክ አድርጊለት። ደረቁን ምግብ በውሃ አለስልሺው። ከወንድሞቹም ለይተሽ ለብቻው አብዪው፤ እየተሻማ ሲበላ ይጣደፋል፣ ሳሉም ይብስበታል። ሳል መጀመሩን ደግሞ ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪሙ ንገሪ።

መስኩላር ዲስትሮፊ የሚያሰልለው የእግር ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ምላስና ጉሮሮንም ይይዛል። አፉን ስትከፍቺው ምላሱ ወፈር ብሎ፣ ለሃጩም ተዝረክርኮ ታይው ይሆናል። በደንብ ያልተዋጠ ምግብ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። ከበላ በኋላ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ካተኮሰው ወይም ምግብ እምቢ ካለ "እስከ ነገ ልየው" የሚባል ነገር የለም። ወዲያው ደውዪ።

"እህቶቹ ግን ደህና ናቸው" ላልሽው፣ የበሽታው ጉድለት ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም (ዘር ተሸካሚ) ላይ ነው። ወንዱ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ ይታመማል። ሴቶቹ ግን ሁለት ስላላቸው ጉድለት ያለበትን ጂን ተሸክመው ጤነኛ መስለው ሊያድጉ ይችላሉ። ስለዚህ ክብደቱን ከነሱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ካለፈው ሳምንት ክብደት ጋር አስተያዪው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ሆድሽ አልችል ብሎ ከተፈቀደው ውጪ ምንም እንዳትሰጪው። እኛ ጋ አንድ ተማሪ አዝኖለት ለአንዱ ውሻ በድብቅ የዓሣ ዘይት ይጨምርለት ነበር። በኋላ የውሻው የምርመራ ውጤት ሲለወጥ ከሚሞከርበት መድኃኒት ይሁን ከዘይቱ መለየት አልተቻለም፤ የስንት ሰው ልፋት ገደል ገባ። ምግቡን ማለስለሱንም ቢሆን ኃላፊሽን አስፈቅጂና ከነሰዓቱ መዝገቡ ላይ ጻፊው።