የአንባቢዎች ጥያቄ፦ «በኮቪድ ጊዜ አባቴን ችላ ብለውት ይሆን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2020 አባቴ ቁርስ እየበላ ድንገት አፉ ጠመመ፣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፣ 911 ደወልን፣ ወዲያው መጥተው ወሰዱት፣ እኛን ግን ማንም አይገባም አሉን። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና ላይ ቁጭ ብለን ዋልን። በኋላ እንደሰማነው መጀመሪያ ማስክ አደረጉለት፣ ከዛ የጭንቅላቱን ብቻ ሳይሆን የደረቱንም ሲቲ ስካን አነሱት፣ መርፌውን የሰጡት ከዛ በኋላ ነው። አሁን ይራመዳል ግን እግሩን ይጎትታል፣ ንግግሩም እንደድሮው አይደለም። ወንድሜ እስካሁን «በኮቪድ ተጠምደው ነው አባባን ችላ ያሉት፣ ደረቱን ሲያነሱ ነው ሰዓቱ ያለፈው» ይላል፣ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነው። እውነት ችላ ብለውት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን አባትሽ በሕይወት ተረፉልሽ። ፋይላቸውን ስላላየሁ በዚህ ደቂቃ ይሄ ተደረገ ብዬ ልነግርሽ አልችልም፣ ግን የነገርሽኝ ነገር ሁሉ፣ ማስኩም፣ እናንተ ውጪ መቅረታችሁም፣ የደረቱ ሲቲም (እሱን ሁሉም ሆስፒታል ባያደርገውም)፣ በዛን ሰሞን ስትሮክ ለመታው ሰው የሚደረግ የተለመደ አሠራር ነበር። ችላ የማለት ምልክት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ100 ስትሮክ 85 ያህሉ የሚመጣው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው፣ ቀሪው የደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ። ሁለቱ ከውጪ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ሲቲ ካልተነሳ አይለዩም፣ ሕክምናቸው ደግሞ ተቃራኒ ነው። ለተዘጋው የሚሰጠው አልቴፕሌዝ የሚባለው የረጋ ደም ማሟሟቻ መርፌ ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ትልቅ የደም ሥር ከተዘጋ ደግሞ በቀጭን ቱቦ፣ ብዙውን ጊዜ በብሽሽት በኩል ገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት አለ፣ እሱ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ለተመረጡ ሰዎች እስከ 24 ሰዓት። ይሄ ሰዓት ኮቪድ መጣ ብሎ አንድ ደቂቃ አልጨመረም። በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሴል ነው የሚሞተው። ስለዚህ በወረርሽኙ ጊዜ ስትሮክ ላይ የሚሠሩ ሆስፒታሎች ያደረጉት ሕክምናውን እንዳለ ትተው በዙሪያው ያለውን መለወጥ ነው።

ምን ተለወጠ? ያኔ የኮቪድ ምርመራ ውጤት ሰዓታት አንዳንዴም ቀናት ይፈጅ ስለነበር የመጣ ሁሉ ኮቪድ እንዳለበት ተቆጠረ፣ በተለይ መናገር ያቃተው ሰው፣ «ሳል አለህ ወይ» ብለሽ ስትጠይቂው አይመልስልሽማ። ድሮ የስትሮክ ጥሪ ሲመጣ ነርሱ፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም)፣ ፋርማሲስቱ፣ ሁሉም ነበር ክፍሉን የሚሞላው፣ ያኔ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ሙሉ መከላከያ ለብሶ ይገባል፣ ኒውሮሎጂስቱ (የአንጎልና የነርቭ ሐኪሙ) ብዙ ቦታ ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ በተሰቀለ ታብሌት ነው የሚያየው፣ አስተርጓሚም ካስፈለገ በዛው ስክሪን ነው። እስቲ አስቢው፣ አማርኛ ብቻ የሚሰማ አንድ አባት፣ ፊቱ የተሸፈነ ሰው አጠገባቸው ቆሞ፣ ከታብሌት የሚወጣ ድምፅ «ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ፣ ፈገግ ይበሉ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ማስክ ስላደረጉ አፋቸው መጥመሙን ለማየት ማስኩን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ ደቂቃ ይበላል፣ አይበላም አልልሽም።

የደረቱ ሲቲ ግን ጊዜ የሚወስደው አይደለም። አባትሽ ቀድሞውኑ ማሽኑ ላይ ተኝተዋል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደረትን ማንሳት ሰከንዶች ነው፣ ጥቅሙ ሳንባቸው ላይ የኮቪድ ምልክት ካለ ከላብራቶሪው በፊት ለማወቅና ከዛ በኋላ የት እንደሚተኙ ለመወሰን ነው። እንደ እኔ ጊዜ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነበር፣ መከላከያ ልብሱን መልበስ ላይ፣ ከእሳቸው በፊት የተነሳ በሽተኛ በኮቪድ የሚጠረጠር ከሆነ ማሽኑን ማጽዳትና ክፍሉን ማናፈስ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዓቱን የሚያውቀውን ቤተሰብ ፍለጋ ላይ። ሐኪሙ መርፌውን ከመስጠቱ በፊት የግድ የሚጠይቀው «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» የሚለውን ነው። ድሮ ልጅ አጠገብ ቆሞ ይመልሳል። ያኔ ልጅ ፓርኪንግ ውስጥ ናት፣ ስልኳ ደግሞ የማታውቀው ቁጥር ሲደውል አታነሳም (ማነው የሚያነሳው?)።

ወንድምሽ ቁርጡን ማወቅ ከፈለገ አባትሽ ፋይላቸውን የማግኘት መብት አላቸው፣ ከሆስፒታሉ ሪከርድ ክፍል ይጠይቁ። ውስጡ በሩን የገቡበትና መርፌውን የተወጉበት ሰዓት ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ያለው ከ60 ደቂቃ ካልበለጠ በደህናው ጊዜ ከሚጠበቀው አላነሰም። በጣም ከበለጠ ደግሞ ለምን ብሎ መጠየቅ ያባት ነው። እግር መጎተቱ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም፣ በሰዓቱ መርፌ አግኝቶም ጉዳት የሚቀርበት ሰው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዛን ሰሞን በአሜሪካ ከ800 በላይ ሆስፒታሎች ውስጥ ለስትሮክ የጭንቅላት ምስል የተነሳው ሰው ቁጥር ሲታይ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው በ39 በመቶ ወርዶ ነበር። ስትሮክ ስለቀነሰ ይመስልሻል? ሰው ፈርቶ ቤቱ ቀርቶ ነው በብዛት። እናንተ ወዲያው 911 ደውላችኋል፣ ወንድምሽ ይሄንንም ይቁጠረው።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከአዲስ አበባ ነው። ወንድሜ 44 ዓመቱ ነው፣ ኮቪድ ይዞት ተሻለው ስንል በሁለት ሳምንቱ ግራ ጎኑ ሰነፈ። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡት፣ ሆስፒታል የሄደው በማግስቱ ነው። ስትሮክ ነው ተባለ። ደም ግፊትም ስኳርም የለበትም፣ ከኮቪዱ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ኮቪድ ደም የመርጋት ጠባይ እንዲጨምር ያደርጋል። በፈረንጆቹ 2020 ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ የሚባለው የሆስፒታል ቡድን በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቻ ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆነ፣ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር የተዘጋባቸው አምስት የኮቪድ ታማሚዎች ገጠሙት፣ ከዛ በፊት በዛ ዕድሜ በሁለት ሳምንት አንድም አይሞላም ነበር። አንዷ የ33 ዓመት ሴት ናት፣ ምልክቱ ጀምሯት ኮቪድ ፈርታ ከአንድ ቀን በላይ ቤት ቆይታ ነው የሄደችው። ግን ወንድሜ፣ ኮቪድ ይዞት የነበረ ሁሉ ስትሮክ ይመታዋል ማለት አይደለም፣ ጥቂቱን ነው። ስለዚህ «ከኮቪድ ነው» ብላችሁ አትተዉት፣ የልብ ምቱ መዛባቱ፣ የአንገት ደም ሥሩ፣ ኮሌስትሮሉ ይታይ። ግፊት የለበትም ያልከውም ተለክቶ ከሆነ ነው፣ ሳይለካ የለበትም የሚባል ሰው አገራችን ውስጥ ሞልቷል።

ዳማከሴውን በተመለከተ፣ ጎረቤቶቹን አልወቅስም፣ ያወቁትን ነው ያደረጉት። ችግሩ ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊያቅተው ይችላል፣ የጠጣው ወደ ሳንባ ይገባና ሌላ በሽታ ይጨምርበታል። ውሃም ቢሆን፣ ክኒንም ቢሆን በአፍ አይሰጥ። አስፕሪንም እንደዛው፣ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ታባብሰዋለህ፣ ሲቲ ከታየ በኋላ ሐኪም ይሰጠዋል። ማሟሟቻ መርፌው እኛ ጋ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፣ ቢሆንም መሄድ ከንቱ ነው እንዳትል፣ ግፊቱን መቆጣጠር፣ መዋጡን መመርመር፣ ትኩሳቱንና ስኳሩን መያዝ፣ ቶሎ ማንቀሳቀስ፣ እነዚህም ሰው ያተርፋሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው መኪና ሲቲ ወዳለበት ቦታ፣ ስትሄድም ደውለህ ማሽኑ እየሠራ መሆኑን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከሲያትል። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ለልቧ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፣ እንግሊዝኛ አትችልም። እንደገና ወረርሽኝ መጥቶ ብቻዋን ብትገባ ብዬ እፈራለሁ። ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ጥሩ አስበሻል። አንድ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ስማቸውን፣ በሽታቸውን፣ መድኃኒቶቹን ከነሚሊግራማቸው፣ «አማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልጋል» የሚለውን (ሆስፒታሉ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት)፣ ሁለት ስልክ ቁጥር ጻፊና ፍሪጅ ላይ ለጥፊ፣ ኮፒውን ቦርሳቸው ውስጥ። አምቡላንስ ሲመጣ ወረቀቱን ስጪያቸው፣ የእናትሽንም ስልክ ከነቻርጀሩ አስይዣቸው። ከዛ ያልታወቀ ቁጥርም ቢሆን አንሺ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ላይ፣ በተለይ እንደ አፒክሳባን ያለውን ባለፉት 48 ሰዓታት ከወሰዱ፣ ማሟሟቻ መርፌው አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም፣ በቱቦ ማውጣቱ ግን ሊቻል ይችላል፣ ስለዚህ ሐኪሙ የመጨረሻዋን ክኒን ስንት ሰዓት እንደዋጡ ይጠይቅሻል። ይሄን ወረቀቱ ላይ አታገኚውም፣ በየቀኑ ማወቅ አለብሽ፣ የቀን ስም ያለበት የክኒን ሳጥን ግዢላቸው።