ከዝናብ ልብሱ በፊት ፍሬኑን

«ባሕር ዳር ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከሽምብጥ ሰፈር እስከ ፔዳ ግቢ በሳይክል እየተመላለስኩ ነው የማስተምረው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ክፍል የምገባው በስብሼ ነው፤ ምን ዓይነት የዝናብ ልብስ ልግዛ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፦ እኔ በዚህ ከተማ 11 ክረምት በሳይክል ሥራ ተመላልሻለሁ። ስለ ልብሱም እነግርሻለሁ፤ ግን አስቀድሜ ስለ ፍሬን ካልነገርኩሽ ልቤ አያርፍም።

ሦስተኛው ክረምቴ ላይ ነው። ሐምሌ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዶፉ ካባራ አምስት ደቂቃ አይሆነውም። ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ድንገት ቆመ። ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ ያዝኩ፤ ሳይክሉ ግን ምንም እንዳልተያዘ መንገዱን ቀጠለ። የግራ ክንዴ አጥንት ተሰንጥቆ ስድስት ሳምንት በጀሶ ከረምኩ።

ሳይክሉን ያቃኑልኝ አዛውንት ባለሙያ ቸርኬውን ውሃ አርከፍክፈው በአውራ ጣታቸው እያሹ አሳዩኝ። ያ የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ሙልጭልጭ ይላል፤ የፍሬኑ ጎማ የሚይዘው ውሃውን እንጂ ብረቱን አይደለም። የአሉሚኒየም ቸርኬ በጣም ይሻላል። ስለዚህ ገንዘብሽ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከውድ ካፖርት ይልቅ የፊቱን ቸርኬ አስቀይሪ። ካልሆነም ይህን ልመጂ፦ አደባባይ ወይም መታጠፊያ ጋ ከመድረስሽ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀደም ብለሽ ፍሬኑን ለስለስ አድርገሽ ያዝ ለቀቅ አድርጊው። የፍሬኑ ጎማ ውሃውን ከቸርኬው ላይ ይጠርገዋል። መጀመሪያ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ነው የምትሰሚው፤ ቸርኬው ጥቂት ከዞረ በኋላ ድምፁ ሻከር ይላል። ያኔ ፍሬን አለሽ። በየሳምንቱ ደግሞ የፍሬኑን ጎማ አገላብጠሽ እዪው፤ የተሰገሰገ አሸዋ ካለ በምስማር ጫፍ አውጪና ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጊው።

ከዚሁ ሳልወጣ፣ እባክሽ በአንድ እጅ ጃንጥላ ይዘሽ አትንጂ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ አውቃለሁ። አንድ እጅ ማለት ግን አንድ ፍሬን ማለት ነው፤ የጣና ነፋስ ጃንጥላውን ሲገለብጠው ደግሞ መሪውም አብሮ ይሄዳል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከሁሉም የሚያዳልጠው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም። ኮብልስቶን ላይ፣ የዜብራው ቀለም ላይና የብረት ክዳን ላይ ስትደርሺ መሪውን ሳታዞሪ፣ ፍሬንም ሳትይዢ ቀጥ ብለሽ እለፊ። ውሃ ያቆረ ቦታ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትግቢ። ከሥሩ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ይኑር አይኑር አይታይሽም፤ ዞረሽ ማለፍ ካልቻልሽ ወርደሽ ግፊው።

አሁን ወደ ልብሱ። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ነገር ግን እዚህ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግርሽ ከላይ የሚወርደው ሳይሆን ከታች የሚረጨው የሌሊቱ ውሃ ነው። ጀርባሽ ላይ እስከ ትከሻ የሚወጣው የጭቃ መስመር ከኋላ ጎማሽ የመጣ ነው፤ ካፖርት አያስቀረውም። የሚያስቀረው ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ የሚታሰረው የጭቃ መከላከያ) ነው። ከሌለሽ አሮጌ ጀሪካን አስቆርጠሽ በሽቦ አሳስሪው፤ የኋላው እስከ ታች ይውረድ።

እኔ ላለመርጠብ መታገሉን ከተውኩ ቆየሁ። የላስቲክ ካፖርት ለብሰሽ 25 ደቂቃ ከነዳሽ ከውስጥ በላብ ትርሺያለሽ፤ ያው መርጠብ ነው። ቶሎ በሚደርቅ ቀጭን ሱሪና በኮንጎ ጫማ እነዳለሁ፤ የክፍል ልብሴን ሁለት ፌስታል ውስጥ ደርቤ አስሬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ጫማና ፎጣ ሥራ ቦታ ነው የሚያድሩት። ደርሼ እግሬን ታጥቤ ልብስ ለመቀየር አሥር ደቂቃ ይበቃኛል። አንቺም ቀሚስ ለብሰሽ የምትነጂ ከሆነ ጫፉን ከጉልበትሽ በላይ አጥፈሽ በመርፌ ቁልፍ ያዢው፤ የረጠበ ጨርቅ የሳይክሉ ካቴና (ሰንሰለቱ) ውስጥ ከገባ አይለቅም።

ማታ ስትመለሺ ነጎድጓዱ ከቀረበ ግን ልብስም ፍሬንም አይረዳሽም። ዘንባባው ሥር አትጠለዪ፤ ሰው ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ ገብተሽ ጠብቂ። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ የቆምኩበት ጊዜ አለ፤ አንድም ሱቅ ውጣ ብሎኝ አያውቅም።

ቤት ስትደርሺ የቱንም ያህል ቢደክምሽ ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ ከዚያ ንጹሕ ዘይት ጠብ ጠብ አድርገሽ ትርፉን መልሰሽ ጥረጊ። ከጋራዥ የሚሰጥሽን የተቃጠለ ዘይት አትቀቢ። ጥቁሩ ዘይት አሸዋውን ይሰበስበዋል፣ አሸዋው ደግሞ ካቴናውንም ጥርሱንም ይበላዋል። እኔ በዚህ ምክንያት በአንድ ክረምት ሁለት ካቴና ቀይሬያለሁ። መስከረም ሲጠባ ሁለቱንም የጎማ ኩሽኔታ አስፈትተሽ በላምባ አሳጥቢና አዲስ ግሪስ አስገቢበት፤ ክረምቱን ሙሉ የገባው ውሃ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።