ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ጠጥቼ ለሾፌርነት ቅጥር የሽንት ምርመራ ብሰጥ ይታይብኛል?

አዎ፣ ሊታይብህ ይችላል። ኮዴይን ጉበት ውስጥ በከፊል ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ፣ የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ የአንተን ሽሮፕና ሄሮይንን አይለይም፤ ሁለቱንም «ኦፒየት» (የሞርፊን ዘመድ የሆኑ መድኃኒቶች ወገን) ብሎ ይመዘግባል። ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ማንኪያ በኋላ ከ2 እስከ 3 ቀን ሽንት ውስጥ ይቆያል። ትናንት ማታ ወስደህ ነገ አዳማ ላይ ልትመረመር ከሆነ ቀኑ አይበቃህም።

1. የሐኪም ማዘዣውንና ጠርሙሱን ይዘህ ሂድ።
2. ሽንት ከመስጠትህ በፊት መድኃኒቱን ቅጹ ላይ አስመዝግብ። ውጤት ከወጣ በኋላ የሚነገር እውነት ሰበብ ይመስላል።
3. ፖዘቲቭ ከተባልክ በዚያው ናሙና የማረጋገጫ ምርመራ እንዲሠራልህ በጽሑፍ ጠይቅ። ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚባለው ዘዴ ኮዴይንን ከሞርፊን ለይቶ ይለካል።

እንዲህ ያለው ስህተት አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የፓፒ (ሞርፊን የሚገኝበት ተክል) ዘር የተነሰነሰበት ዳቦ የበሉ ሠራተኞች ሳይቀሩ ፖዘቲቭ ይወጡ ስለነበር፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በፌዴራሉ ምርመራ ፖዘቲቭ የሚያሰኘው መነሻ ልክ ከ300 ወደ 2,000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከፍ ተደርጓል።

አደራ፣ «ውኃ ያጥበዋል» የሚሉህን አትስማ። እኔ ሰምቼ ሦስት ትልልቅ ጠርሙስ ጨርሼ ገባሁ። ባለሙያዋ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችውና «ይህማ ውኃ ነው» አለችኝ። ሽንት በውኃ መቅጠኑን የሚያሳየውን ክሬያቲኒን የተባለ ንጥረ ነገር ለክተው ናሙናው ቀጥኗል ብለው በሳምንቱ ቀጠሩኝ። እስከዚያ መኪናውን ሌላ ሰው ተረክቦት ነበር።